የባዝራዋ ወተትና የዓለቱ ሥዕል

በምዕራብ ሞንጎሊያ፣ ከዋና ከተማው ከኡላንባታር ከ1400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በሆቭድ ከተማ አንድ የክፍለ ሀገር ሙዚየም አለ። በውስጡ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ የዱር አራዊት፣ የአካባቢው ሕዝቦች የክብር ልብሶችና የሃይማኖት ዕቃዎች ይገኛሉ። የብዙ ጎብኚዎችን ዓይን የሚስበው ግን በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በማንሃን ወረዳ የሚገኘው የሆይድ ጼንሄር ዋሻ ሥዕሎች ቅጂ ነው። በዋሻው ግድግዳ ላይ በቀይ አፈር ቀለም የተሣሉት በዋናነት እንስሳት ናቸው፤ የሰው ምስል አይታይም። ግመል፣ የተራራ ፍየል፣ በሬ መሰል እንስሳ፣ ሰጎንን የሚመስሉ አንገተ ረጃጅም ወፎች፣ ከእነዚህም ጋር ዝሆን ወይም ማሞዝ ናቸው የተባሉ ኩምቢያም ፍጥረታት አሉ።

ከሥዕሉ ራቅ ብሎ የትናንቱ ሞንጎሊያ ይጀምራል። እንዲህ ባሉ ሙዚየሞች ሁሉ እንደተለመደው ደል የሚባለው ረጅም ካባ፣ ያጌጠ ኮርቻ፣ ጌር የሚባለው ክብ የአርብቶ አደር ድንኳን፣ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት ባለ ሁለት አውታር መሰንቆ በተራ ይቀርባሉ። ጎብኚው ከአንደኛው ክፍል ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው ምናልባት በአንድ ደቂቃ ነው። ለዋሻው ሥዕል በተለምዶ የሚሰጠው ዕድሜ ከ15000 እስከ 20000 ዓመት ሲሆን፣ ካባውና ኮርቻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መቶ ዓመት ብዙም አይዘሉም። በዚያች ደቂቃ ጎብኚው ማንም ሳይነግረው የሚገነዘበው ነገር አለ፤ ያኛው አባት፣ ይህኛው ልጅ ነው ይላል በልቡ። በዚህ ጽሑፍ ልንሞግተው የፈለግነው ይህንን በቃል ያልተነገረ፣ ነገር ግን በአቀማመጥ የተነገረ አባባል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ስንል የሞንጎሊያን ሕዝብ ኩራት ለማቃለል አይደለም። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ሞንጎሊያውያን ስለ ራሳቸው ታሪክ የሚናገሩት በሌላ ፈቃድ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ገዳማቱ ፈረሱ፤ መነኮሳቱም በብዛት ተገደሉ። በ1962 የጄንጊስ ካንን 800ኛ የልደት ዓመት ለማክበር የተነሡት ከፍተኛ ባለሥልጣን በብሔርተኝነት ተከሰው ከሥልጣን ተወገዱ። ከ1990 የፖለቲካ ለውጥ በኋላ ይህ ሕዝብ ያለፈ ዘመኑን ሲያገኝ በሁለት እጁ ቢያቅፈው፣ ዓለት ላይ የተሣለውንም ሁሉ «የእኛ ነው» ቢል የሚያስወቅሰው አይደለም። ሆኖም ሙዚየም የሚሠራው ሥራ ከሐውልት የተለየ ነው። ሐውልት ያስታውሳል፤ ሙዚየም ግን የሚያሳየውን ነገር እንዴት እንዳወቀው ጭምር እንዲናገር ይጠበቅበታል።

እንግዲህ የዓለት ሥዕል ዕድሜ የሚታወቀው በምንድን ነው? ራዲዮካርቦን የሚባለው የታወቀ ዘዴ የሚሠራው ቀድሞ ሕይወት በነበረው ነገር ላይ ነው፤ አጥንት፣ እንጨት፣ ከሰል፣ ጨርቅ። ቀይ አፈር የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀለሙ ከስብ ወይም ከደም ጋር ተለውሶ ቅሪቱ እስካልተገኘ ድረስ ዕድሜ የሚለካበት ካርቦን በውስጡ የለም። ዓለት ላይ ተወቅሮ የተቀረጸ ምስል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሠሪው በዓለቱ ላይ የጨመረው ነገር የለም፤ ያደረገው መቀነስ ብቻ ነው። ያልተጨመረ ነገር እንዴት ይለካል?

በደረቅ ምድር ያለ ዓለት ከጊዜ ብዛት የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጥቁር ቆዳ ያወጣል። አዲስ የተወቀረ መሥመር ነጣ ብሎ ይታያል፤ ዘመን በቆየ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። ይህን የጠቆረ ቆዳ እንደ ሰዓት ለመጠቀም በ1980ዎቹ የተሞከረው የኬሚካል ዘዴ መጀመሪያ ብዙ ተስፋ አሳድሮ ነበር፤ በኋላ ግን ብርቱ ክርክር ተነሥቶበት ታማኝነቱን አጥቷል። ምክንያቱም የመጥቆሩ ፍጥነት እንደ ዓለቱ ዓይነት፣ እንደ ፀሐዩና እንደ ርጥበቱ ይለያያል። በአንድ ዓለት ፊት ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ምስሎች «ይህ ከዚያ ይቀድማል» ማለት ይቻላል፤ በሁለት ሸለቆዎች ያሉትን በቀለም ማወዳደር ግን አያስተማምንም። ሥዕሉ ላይ የኖራ ድንጋይ ዝቃጭ ተጋግሮ በተገኘበት ዋሻ ደግሞ የዩራኒየምና የቶሪየም መጠን ተለክቶ የሥዕሉን ትንሹን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል፤ በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት የሚገኝ አንድ ሥዕል ቢያንስ 51200 ዓመት እንደሆነው በ2024 የተገለጸው በዚህ መንገድ ነው። የሆይድ ጼንሄርን ሥዕሎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰፊው ያስተዋወቁት የሶቪየቱ አርኪዮሎጂስት አሌክሴይ ኦክላድኒኮቭ ወደ መጨረሻው የበረዶ ዘመን ያስጠጓቸው ግን በዋናነት ከአሣሣሉ ስልትና ከእንስሳቱ ዓይነት ተነሥተው ነው። ይህ የተማረ ግምት ነው፤ በሙዚየም መግለጫ ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ግን የመለኪያ ውጤት ይመስላል።

ልዩነቱን ለማየት የአጋዘን ድንጋዮች የሚባሉትን እንውሰድ። እነዚህ አጋዘኖች በእንቅስቃሴ ላይ እንዳሉ ተደርገው የተቀረጹባቸው፣ አንዳንዶቹ እስከ አራት ሜትር የሚቆሙ የድንጋይ ሐውልቶች ሲሆኑ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የኛን የጢያ ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው ሲመለከታቸው እንግዳ አይሆኑበትም፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የእነርሱ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በግምት ከ1200 እስከ 600 እንደሆነ በልበ ሙሉነት የሚነገረው ድንጋዩ ስለ ተናገረ አይደለም። በሐውልቶቹና አብረዋቸው በሚገኙት የመቃብር ክምሮች ዙሪያ የፈረስ ራሶች ተቀብረው ስለ ተገኙ ነው። ፈረሱ አጥንት አለው፤ አጥንቱም ካርቦን አለው። የዋሻው ሥዕል ይህን የመሰለ ምስክር በአጠገቡ የለውም።

ከእንስሳቱ ዓይነት ዘመንን መገመት ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ወሰኑ ከታወቀ። ከሆቭድ በስተምዕራብ ባለው የባያን ኡልጊ ክፍለ ሀገር በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሦስት የአልታይ ተራሮች የዓለት ቅርጽ ሥፍራዎች አሉ፤ ፃጋን ሳላና ባጋ ኦይጎር፣ የላይኛው ፃጋን ጎል እና አራል ቶልጎይ። በእነዚህ ሥፍራዎች የ12000 ዓመት ታሪክ ተደራርቦ ይነበባል። በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት መካከል ማሞዝ፣ አውራሪስና ሰጎን ይገኙበታል፤ እነዚህ የቀዝቃዛውና የደረቁ ሣራማ ምድር እንስሳት ናቸው። ቀጥሎ ምድሩ በከፊል ደን ሲለብስ የደን አጋዘንና የዱር በሬ በዓለቱ ላይ ይበዛሉ። ከዚያ ደኑ እንደገና እየሸሸ ሲሄድ የቤት እንስሳት፣ ሠረገላ፣ በመጨረሻም ፈረሰኛ ይመጣል። ማሞዝን ያላየ ሰው ማሞዝን አይሥልም፤ ስለዚህ እንስሳው ከአካባቢው የጠፋበት ዘመን ለሥዕሉ ወሰን ይሆነዋል። ይህ ዓይነቱ ምስክርነት በአገራችንም የሚታወቅ ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በለገ ኦዳ ዋሻ የተሣሉት ከብቶች ሻኛ የሌላቸው ባለ ረጅም ቀንዶች ናቸው፤ ዛሬ በዚያው አካባቢ የሚሰማራው ከብት ሻኛው የታወቀ ነው። መንጋው ተለውጧል። መንጋው ሲለወጥ እረኛው ያው ነበረ ወይስ እርሱም ተለወጠ የሚለው ጥያቄ ግን ከሻኛው ብቻ አይመለስም።

ለሞንጎሊያ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በከፊል ተመልሷል። በ2020 የ214 ጥንታዊ ሰዎችን ዘረ መል የመረመረ አንድ ትልቅ ጥናት የምሥራቁን የእርከን ምድር የ6000 ዓመት የሕዝብ ታሪክ አውጥቶ ነበር። የታየው አንድ ዘር ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ሲወርድ አይደለም። ከምዕራብ የመጡ እረኞች፣ የአካባቢው አዳኞች፣ ከደቡብና ከምሥራቅ የተቀላቀሉ ሕዝቦች በተለያየ ዘመን እየመጡ፣ እየተዋሐዱ፣ አንዳንዴም አንዱ የሌላውን ቦታ እየያዘ የቆየበት ታሪክ ነው። የሞንጎል ግዛት ከመመሥረቱ በፊት ሺዮንግኑ፣ ቱርኮች፣ ዊጉሮችና ኪታኖች በዚያ ምድር ላይ በተራ ገዝተዋል። እንግዲህ «የሞንጎሎች ቅድመ አያቶች የሣሉት» የሚል አንድ ሐረግ ይህን ሁሉ ይውጠዋል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ የማይሆንበትም ምክንያት አለ። ከላይ በጠቀስነው በባያን ኡልጊ ከሚኖረው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ካዛክ ነው፤ አያቶቹ ወደ ሥፍራው መስፈር የጀመሩት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከእነርሱ ጋር ኡሪያንሃይና ቱቫዎች አሉ። በሆቭድም ቶርጉድ፣ ዛህቺን፣ ኡልድ፣ ሚያንጋድ፣ ሆቶንና ሌሎችም በአንድ ክፍለ ሀገር ይኖራሉ። በክረምት ማደሪያው አጠገብ የሦስት ሺህ ዓመት ሠረገላ ተቀርጾ የሚገኝለት ካዛክ እረኛ ለዚያ ዓለት ከየትኛውም የመንግሥት ዘበኛ ይልቅ ቅርብ ነው። ሙዚየሙ ግን «ይህ የሞንጎል አባቶች ሥራ ነው» ካለው፣ «አንተን አይመለከትህም» እንደ ማለት ይሆናል። በሸለቆው ውስጥ ብቻውን የቆመ ዓለት ደግሞ የማይመለከተው ጎረቤት ካለው ዕድሜው አጭር ነው። የሆይድ ጼንሄር ዋሻ ሥዕሎች ራሳቸው ጎብኚዎች ስማቸውን እየጻፉባቸው ክፉኛ ተጎድተዋል። በከተማው ያለው ቅጂ የማሳያ ጌጥ ብቻ ያልሆነው በዚህ የተነሣ ነው፤ ፈረንሳዮች የላስኮን ዋሻ በ1963 ለሕዝብ ዘግተው በ1983 ቅጂውን እንደከፈቱት ሁሉ፣ ቅጂ ዋናውን የሚያሳርፍ ነገር ነው።

የትዝታው ሰንሰለት መበጠሱንም ከጥንት የተጻፈ አንድ ምስክር ያሳየናል። ዛሬ በቻይና ግዛት ውስጥ ባለችው በውስጣዊት ሞንጎሊያ የይንሻን ተራሮች እንዲሁ በዓለት ቅርጽ የተሞሉ ናቸው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ቻይናዊው የወንዞች መልክዓ ምድር ጸሐፊ ሊ ዳውዩዋን በእነዚህ አካባቢዎች በድንጋይ ላይ የፈረስና የነብር መልክ እንዳለ ጽፏል። የሚያስደንቀው ግን መልኮቹን በዓለቱ ላይ በተፈጥሮ የወጡ ሥዕል መሰል ምልክቶች አድርጎ መግለጹ ነው። ከ1500 ዓመት በፊት፣ ጄንጊስ ካን ከመወለዱ ስድስት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ የሠሪዎቹ ትዝታ ቢያንስ ወደ እርሱ ጆሮ ሳይደርስ ቀርቷል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ «እንግዲያው የዓለቱን ሥዕልና የባህሉን ዕቃ ለያዩአቸው» ወደሚል መደምደሚያ የሚያደርስ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን በተቃራኒው ጎን ለጎን ይቀመጡ እንላለን። በሁለቱ መካከል እውነተኛ መተላለፊያ አለ፤ የሚገኘውም በደም ሳይሆን በወተት ነው።

ሰው ወተት ሲጠጣ ከወተቱ ፕሮቲን ጥቂቱ ጥርስ ላይ በሚጋገረው ጠጣር ዝቃጭ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ዝቃጩ ከጥርሱ ጋር ለሺህ ዓመታት ይቆያል፤ የፕሮቲኑ ቅንብር ደግሞ የላም፣ የበግ፣ የፍየል ወይም የባዝራ መሆኑን ይናገራል። በዚህ ዘዴ በሞንጎሊያ መቃብሮች ላይ የተደረገውና በ2020 የታተመው ምርመራ የከብትና የበግ ወገን ወተት ከ5000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠጣ እንደነበር፣ የባዝራ ወተት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ መታየት እንደጀመረ አሳይቷል። ይህ ዘመን የአጋዘን ድንጋዮቹና በዙሪያቸው የተቀበሩት የፈረስ ራሶች ዘመን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ዛሬም የሞንጎሊያ እረኛ የባዝራ ወተት ከከብት ቆዳ በተሠራ ስልቻ ጨምሮ፣ በእንጨት መበጥበጫ ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ እየመታ አይራግ የተባለውን ቀላል የሚያሰክር መጠጥ ያብላላል፤ ሙያው በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅል ስትንጥ ያደገች የአገራችን እናት ሥራውን ብታየው ሳትማር የምትረዳው ይመስለናል።

ይህ እንዴት ያለ ማስረጃ እንደሆነ እናስተውል። በሦስት ሺህ ዓመታት ውስጥ ገዢዎች፣ ቋንቋዎችና የዘር ሐረጎች ተለዋውጠዋል። ባዝራ ማለብ ግን ዛሬም አለ። አዲስ የመጣው ሕዝብ ከነባሩ ተማረው፤ ነባሩ ለመጪው አስተላለፈው። ስልቻው በባህል ክፍሉ ውስጥ እንዲያው የተሰቀለ አሮጌ ዕቃ ሳይሆን፣ ከነሐስ ዘመን ጋር በተለካ ማስረጃ የሚያያዝ ዕቃ ነው። የካዛኩም ነው፤ እርሱም የባዝራ ወተት ቁምስ ብሎ ይጠጣልና። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለ ሙዚየም ሁሉ ከዓለቱ ሥዕል ወደ ጌሩ በሚወስደው በር ላይ ሊያስቀምጠው የሚገባው ይህንን ስልቻ፣ ከአጠገቡም ያንን የጥርስ ዝቃጭ ታሪክ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ከዚህ የሚያገኘው ኩራት ከዝምድና ተረት ከሚያገኘው የሚያንስ አይመስለንም።

የእረኛው ዕውቀት ሥዕሉንም ለማንበብ ይረዳል፤ እስከ የት እንደሚረዳ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በባጋ ኦይጎር ጭነት የተጫኑ እንስሳትንና የሚመሯቸውን ሰዎች የሚያሳዩ የነሐስ ዘመን ቅርጾች አሉ። ድንኳኑን ነቅሎ፣ ጓዙን ጭኖ ከበጋ ሣር ወደ ክረምት መጠለያ የተጓዘ ሰው፣ የትኛው ጓዝ በየትኛው እንስሳ ላይ እንደሚውል፣ ጭነቱ በምን በኩል እንደሚታሰር ከማንኛውም ፕሮፌሰር ቀድሞ ያያል። ሥራን ከሥራ ጋር ማስተያየት ነውና ይህ ንባብ ተገቢ ነው። ያው እረኛ ወይም ያው ፕሮፌሰር «ቀንዱ ወደ ሰማይ የረዘመው አጋዘን የሟች ነፍስ ማለት ነው» ሲል ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገብቷል። ትርጉም እንደ መጫኛ ገመድ አይደለም፤ ያው ቅርጽ በሌላ ዘመን ሌላ ትርጉም ይይዛል። በየሙዚየሙ በብዛት የሚነበቡት ደግሞ፣ የሚያሳዝነው፣ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት መግለጫዎች ናቸው።

ሁለቱንም በአንድነት የያዘ አንድ ዕቃ እዚያው ሆቭድ ውስጥ ተገኝቷል። በ2008 በጃርጋላንት ሀይርሃን ተራራ፣ በማንሃን ወረዳ ካለ አንድ የዓለት ዋሻ ውስጥ የቱርኮች ዘመን የእንጨት በገና ተገኘ። በላዩ በጥንታዊ የቱርክ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍና በዓለት ላይ ከምናያቸው ጋር የሚቀራረቡ የአደን እንስሳት ምስሎች ተቀርጸውበታል። ብዙዎች ወዲያው የፈረስ ራሱ መሰንቆ አባት አደረጉት። ነገር ግን መሰንቆው በደጋን የሚመታ፣ ይህ ግን በጣት የሚደረደር ነው፤ አሠራራቸው የተለያየ ነው። ከአባትነቱ ይልቅ ለእኛ የሚያስደንቀው በዓለት ላይ ይቀረጽ የነበረው ምስል በእጅ የሚያዝ ዕቃ ላይ መገኘቱ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ካርቦን አለው። ከዚሁ ተራራ ግርጌ ያለው የቻንድማን ወረዳ ሆሚ በሚባለው ሁለት ድምፅ በአንድ ጉሮሮ በሚያወጣው ዜማ የታወቀ መሆኑም ለሙዚየም ሠሪ የሚያጓጓ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚያያይዝ ማስረጃ ስለሌለ ጉጉትን ገታ ማድረግ ያሻል።

ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም። በ2023 እና 2024 መካከል የወረደው፣ ሞንጎሎች ዙድ የሚሉት ከባድ ክረምት ከሰባት ሚሊዮን በላይ ከብት ፈጅቷል። መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ ወደ ኡላንባታር ዳርቻ ይሰደዳል፤ ከእርሱም ጋር ጓዝ የሚጫንበት ዘዴ፣ የባዝራ አስተላለብ፣ በየክረምት ማደሪያው ዙሪያ ያሉት ዓለቶች የት የት እንዳሉ የሚያውቅ ዓይን አብሮ ይሄዳል። የክፍለ ሀገር ሙዚየም ጥቂት ሠራተኛና ጥቂት ገንዘብ ያለው ተቋም መሆኑን እንረዳለን። ሆኖም በየመግለጫው ላይ ከዓመቱ ቀጥሎ ዓመቱ በምን እንደታወቀ አንድ መሥመር መጨመር የሚጠይቀው ቀለምና ወረቀት ነው። የካዛኩን፣ የኡሪያንሃዩን፣ የዛህቺኑን ሽማግሌ ወደ ዓለቱ ይዞ ሄዶ «ይህ ጭነት እንዴት ታሰረ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በድምፅ መቅዳት የሚጠይቀው አንድ መኪናና ጥቂት የበጋ ሳምንታት ነው። የተቀዳው ድምፅ ከቅጂው ሥዕል ፊት ለፊት፣ በተናጋሪው ቋንቋ ይሰማ።